ለወረደ ማህፀን የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል?

የዚህን እትም የጥያቄና መልስ አምድ ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። ስለ ማህፀን መውረድ የሚጽፉልን አንባቢዎች ሐኪም ዘንድ ከደረሱ በኋላ የሚገጥማቸው ግራ መጋባት ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ “ይውጣ” ይላል፣ ሌላው “ይሰቀል”፣ ሦስተኛው “ይዘጋ”። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ 63 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ታቦር አካባቢ ነው። ሰባት ልጆች ወልዳለች። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማህፀኗ ከወጣ ብዙ ጊዜ ሆኖት ኖሯል፤ አፍራ ደብቃን ነው። አሁን ለመቀመጥ ሁሉ ትቸገራለች፣ የወጣው ላይም ቁስል አለ። አንድ ሐኪም ማህፀኑ በብልት በኩል ይውጣ አሉን፤ ሌላ ሐኪም ደግሞ ብልቱ ከውስጥ ተሰፍቶ ይዘጋ አሉ። ማንን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ሐኪሞች ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነታቸው የሚፈታው ግን ከማህፀኑ መጠን ይልቅ በእናትዎ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ይህን ይያዙልን። ማህፀን የሚወርደው ራሱ ታሞ አይደለም። ማህፀንንና የብልትን ጣሪያ ወደ ኋላና ወደ ላይ ስበው የሚይዙ ጅማቶች አሉ፤ ከሥር ደግሞ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ይደግፋሉ። በተደጋጋሚ ወሊድ፣ በረጅም ምጥ፣ ከወለዱ ሳይጠገኑ ውኃና እንጨት በመሸከም እነዚህ ሲላሉና ሲበጠሱ ጣሪያው ይወርዳል። ከፊት ያለው ግድግዳ የሽንት ፊኛን፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ፊንጢጣን ይዞ ተከትሎ ይወጣል። ስለዚህ ማህፀኑን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን የላላውን ጅማት አያጠብቀውም። ሐኪሙ ሊመልስልዎት የሚገባው ትልቁ ጥያቄ “ማህፀኑ ይወጣል ወይስ አይወጣም?” የሚለው ሳይሆን “ጣሪያው የት ላይ ይሰቀላል?” የሚለው ነው።

እናትዎ ሲመረመሩ እንዲያምጡ ወይም እንዲያስሉ ይደረጋል፤ አንዳንዴ ቆመውም ይታያሉ፣ ተኝተው ሲታዩ የወረደው ተመልሶ ሊገባ ይችላልና። የወጣው ከብልት አፍ ምን ያህል እንደሆነ በሴንቲ ሜትር ይለካል። ከአፉ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጭ ከሆነ ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ከዚያ አልፎ ወጥቶ ግን ሙሉ በሙሉ ካልተገለበጠ ሦስተኛ፤ ሁሉም ተገልብጦ ከወጣ አራተኛ ይባላል። የፊት፣ የኋላና የጣሪያው ልኬት ለየብቻ መጻፍ አለበት፤ “ማህፀን ወጥቷል” ብቻ ተብሎ የተጻፈ ካርድ ለቀዶ ሐኪም አይበቃም።

ቁስሉ መጀመሪያ መዳን አለበት። ከልብስና ከጭን ጋር ሲፋተግ የኖረ ሥጋ ይደርቃል፣ ይነጣል፣ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ባለ ሥጋ ላይ የተሰፋ ስፌት በቀላሉ ይቀደዳል። የወጣውን አጥቦ ወደ ውስጥ መልሶ በእርጥብ ፋሻ መያዝ፣ ማረፍ፣ የኢስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) ቅባት መቀባት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ያድነዋል። በዚህ ካልዳነ ናሙና ተወስዶ ካንሰር አለመሆኑ ይረጋገጥ። ለረጅም ጊዜ የወጣ ማህፀን ከኩላሊት የሚወርዱትን የሽንት ቱቦዎች ስለሚያጣምም የኩላሊት አልትራሳውንድም ይታይ። የደም መጠን፣ ስኳርና የደም ግፊት ሳይታዩ ወደ ቀዶ ክፍል መግባት አይገባም።

አሁን ወደ ሁለቱ ምክሮች እንምጣ። “ይዘጋ” የተባለው ሕክምና ከ1877 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅ፣ በፈረንሳዊው ሐኪም በሌፎር ስም የሚጠራ ነው። ከብልት የፊትና የኋላ ግድግዳ ላይ በአራት ማዕዘን ቅርጽ ስስ ቆዳ ይገፈፋል፤ ከዚያ የተገፈፉት ሁለት ገጾች ፊት ለፊት ተገጥመው በረድፍ በረድፍ ይሰፋሉ። በግራና በቀኝ ፈሳሽ የሚወጣባቸው ጠባብ መንገዶች ይተዋሉ። ማህፀኑ እላይ ይቀራል። ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ መርፌ ይሠራል፣ አጭር ነው፣ ደም ብዙ አይፈስም፤ ተመልሶ የመውጣት ዕድሉም ከሁሉም ዝቅተኛ ነው፣ ከ10 ሴቶች በ9ኙ ወይም ከዚያ በላይ ይሳካል። ዋጋው አንድ ነው፦ ከዚያ በኋላ የግብረ ሥጋ ግንኙነት አይኖርም። ማህፀኑም ተመልሶ ስለማይደረስበት የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ አስቀድሞ መደረግ አለበት፤ ካረጡ በኋላ ደም ፈሷቸው የሚያውቅ ከሆነም ምክንያቱ ሳይታወቅ መዝጋት ስሕተት ነው።

ከእንግዲህ ግንኙነት ይፈልጋሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ እናትዎን ለብቻቸው፣ ልጅም ጎረቤትም በሌለበት ሊጠይቋቸው ይገባል። ባል የሞተባት ሴት ሁሉ “ከእንግዲህ ምን አላት” ተብሎ በሌሎች አፍ አይወሰንላትም። በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለን።

መዘጋቱን ካልፈለጉ በብልት በኩል ማህፀኑን አውጥቶ ጣሪያውን መስቀል ይቻላል። ዋናዎቹ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጣሪያውን ወደ ታችኛው የወገብ አጥንት በሚሄዱት በማህፀኑ የራሱ ጅማቶች ላይ፣ ከፍ ባለ ቦታ ማሰር ነው። ሁለተኛው ከዳሌ ውስጥ ካለው ሹል አጥንት ተነሥቶ ወደዚያው የወገብ አጥንት በሚዘረጋው ጠንካራ ጅማት ላይ መስፋት ነው። የመጀመሪያው አደጋው የሽንት ቱቦ ነው፤ ቱቦው ከጅማቱ ጎን ስለሚያልፍ ክሩ ሲጠብቅ ሊታጠፍ ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ከጠረጴዛው ሳይነሣ በፊኛ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ከሁለቱም ቀዳዳዎች ሽንት ሲረጭ ማየት አለበት። ካላየ በዚያ ጎን ያለውን ስፌት እዚያው ይፈታል።

ሁለተኛው በእጅ ስሜት የሚሠራ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ሹሉን አጥንት ያገኛል፤ መርፌውን የሚወጋው ግን አጥንቱ ላይ ሳይሆን ከእርሱ ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ከአጥንቱ ጀርባ የብልት አካባቢ ዋና ነርቭና የደም ሥር ያልፋሉና። ብዙ ጊዜ በቀኝ በኩል ይሠራል። በመቀመጫ ላይ የሚሰማ ሕመም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፣ በአብዛኛው በ6 ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከሰመመን እንደነቁ ወደ እግር የሚወርድ የሚያቃጥል ሕመም ካለ ግን “ይለምድዎታል” ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ክሩ ነርቭ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መፈታት አለበት።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? በአሜሪካ ሁለቱን በዕጣ አከፋፍሎ ያነጻጸረ ጥናት በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታተም ከሁለት ዓመት በኋላ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነበር፤ የተሳካላቸው 64.5 እና 63.1 በመቶ። የሽንት ቱቦ መዘጋት በመጀመሪያው 3.2 በመቶ፣ በሁለተኛው ዜሮ ነበር፤ የነርቭ ሕመም ደግሞ በሁለተኛው በዛ። በአምስተኛው ዓመት ሲታዩ በጥብቅ መለኪያ ያልተሳካላቸው ከግማሽ በላይ ነበሩ፣ ይሁንና አብዛኞቹ ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ከነበሩበት በብዙ ተሽሏቸው ነበር። ስለዚህ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ምርጫው የሐኪሙ እጅ የለመደው ቢሆን ይሻላል።

ለእርስዎ ቅርብ የሆነው ባሕር ዳር ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በዶክተር ካትሪንና በዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባው ፊስቱላ ሆስፒታል እዚያ ማዕከል አለው፤ ድርጅቱ ከፊስቱላ ሌላ የማህፀን መውረድንም ያክማል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አለ። ሁለቱንም አስቀድመው ደውለው ወረፋውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ሦስት ልጆች አሉኝ። የመጨረሻው ገና ስምንት ወሩ ነው፣ ጡት ይጠባል። ከወለድኩ ጀምሮ ማህፀኔ ብልቴ አፍ ላይ ይመጣል። ማህፀንሽ መውጣት አለበት ተባልኩ፤ እኔ ግን አንድ ልጅ መጨመር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ አትቸኩይ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ የተለጠጠው አካል ገና እየተሰበሰበ ነው፤ ጡት በማጥባት ላይ ሳለሽ ደግሞ ኢስትሮጅን ዝቅ ስለሚል ብልት ይሳሳል፣ የሚሰማሽ ክብደትም ይብሳል። በዚህ ጊዜ ማህፀን ማውጣት በፍጹም አንመክርም።

የዳሌ ወለል ጡንቻ እንቅስቃሴ ጀምሪ። ሽንትና ጋዝ እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ሳቢ፤ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ያዢ፣ ያንኑ ያህል አርፊ፣ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ድገሚ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። ሆድሽና መቀመጫሽ እየጠነከረ ከሆነ ትክክል አይደለም። ትንፋሽሽን አትያዢ። ሙሉ በሙሉ የወጣ ማህፀንን አይመልስም፤ አንቺ ባለሽበት ደረጃ ግን ስሜቱን ያቀልላል።

ሌላው ፔሳሪ ነው፤ ብዙዎች ቀለበት ይሉታል። ከሲሊኮን የተሠራ፣ ጣሪያውን ከሥር የሚደግፍ ነው። ልኩ ትክክል ሲሆን በቀለበቱና በብልት ግድግዳ መካከል ጣት ያልፋል። ከገባልሽ በኋላ ሳትሄጂ እዚያው ተራመጂ፣ ተቀመጪ፣ አስዪ፣ ሽንትሽንም ሽኚ፤ ከወጣ ትንሽ ነው፣ ሽንት ከከለከለ ወይም ካመመ ትልቅ ነው። ራስሽ ማውጣት ከቻልሽ በሳምንት አንድ ሌሊት አውጥተሽ በውኃና በሳሙና እጠቢው። ካልቻልሽ በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያ ይታይ። ተረስቶ ዓመታት የቆየ ፔሳሪ ግድግዳውን በልቶ ወደ ፊኛ ወይም ወደ ፊንጢጣ ቀዳዳ ይከፍታል፤ እንደዚህ ፊስቱላ የሆነባቸው አሉ።

ወልደሽ ስትጨርሺና ችግሩ ከቀጠለ እንኳ ማህፀንሽ የግድ መውጣት የለበትም። በኔዘርላንድስ 208 ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ማህፀኑን ትቶ የማህፀን በሩን ከላይ በገለጽነው ጠንካራ ጅማት ላይ መስፋትን ከማህፀን ማውጣት ጋር አነጻጽሮ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ጣሪያው ተመልሶ ወርዶ ያስቸገራቸው ወይም ዳግም የተሠሩት ማህፀናቸው ከቀረው 1 በመቶ፣ ከወጣው 7.8 በመቶ ነበሩ።

የማህፀን በራቸው ለረዘመ ሴቶች ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በእንግሊዝ ማንችስተር የተጀመረ፣ በከተማዋ ስም የሚጠራ ሕክምና አለ፦ የረዘመው የማህፀን በር ይቆረጣል፣ የጎን ጅማቶች ከተረፈው ፊት ተሻግረው ይሰፋሉ። በ2023 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ለዚህኛው 87.3፣ ለጅማቱ ስፌት 77 በመቶ ስኬት አሳይቷል። ለአንቺ ግን አሁን አይሆንም፤ የማህፀን በር መቆረጥ ያለ ጊዜ መውለድን ሊያስከትል ይችላልና። ይህ ሳይነገራት የተሠራች ሴት ካለች በደል ተፈጽሞባታል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነኝ፣ 51 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማህፀኔ ወጥቶልኛል። አሁን ሲመሽ እንቁላል የሚያህል ነገር ብልቴ ላይ ይመጣል። የሌለ ማህፀን እንዴት ይወርዳል?

መልስ፦ የወረደው የብልት ጣሪያ ነው፤ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። ማህፀኑ ሲወጣ ጣሪያው በአግባቡ አልተሰቀለም ወይም የተሰቀለበት ላልቷል። የመጀመሪያውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ከሆስፒታሉ ይጠይቁ፤ “ማህፀን ወጣ” ብቻ ነው የሚለው ወይስ ጣሪያው የታሰረበትም ተጽፏል? ይህ የሚቀጥለውን ምርጫ ይወስናል።

ምርጫዎቹ ሦስት ናቸው። በብልት በኩል ጣሪያውን በጠንካራው ጅማት ላይ መስፋት አንዱ ነው። ጉድለቱ ብልት ወደ ኋላ ስለሚጎተት የፊቱ ግድግዳ መጋለጡ ነው፤ በዚህ የተሠሩ ሴቶች ዳግም ሲቸገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው ፊኛው ነው።

ሁለተኛው በሆድ በኩል ነው። የዋይ (Y) ቅርጽ ያለው ሰው ሠራሽ መረብ ሁለቱ እጆቹ በብልት ፊትና ኋላ ይሰፋሉ፣ ጭራው በታችኛው የወገብ አጥንት ጫፍ ላይ ባለው ጅማት ላይ ይታሰራል። የፀናው ይኸኛው ነው፤ ለ51 ዓመት ሴት፣ ለምትሠራና ትዳር ላላት እኛ ይህን እናስቀድማለን። ነገር ግን ከአጥንቱ ፊት ያሉት የደም ሥሮች ከተነኩ ደሙን ማቆም ይከብዳል፣ አንጀትም ሊታጠፍ ይችላል፣ መረቡም ከጊዜ በኋላ ግድግዳውን በልቶ ሊወጣ ይችላል። በአሜሪካ ለ7 ዓመት የተከታተለ ጥናት በ10.5 በመቶው ላይ ይህ መድረሱን ገምቷል። ሆድ ተከፍቶ ወይም በላፓሮስኮፒ በትናንሽ ቀዳዳዎች ይሠራል፤ በላፓሮስኮፒ ከሆነ ማገገሚያው ያጥራል፣ ሐኪሙ ግን በዚህ የሠለጠነ መሆን አለበት። ሦስተኛው መዝጋት ነው፤ እሱን ከላይ ገልጸነዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ 58 ዓመቴ ነው። ሐኪሜ በሮቦት መረብ ልትሠራልኝ ነው። በቴሌቪዥን ግን መረብ ተከልክሏል፣ ክስም አለበት ሲባል እሰማለሁ። እምቢ ልበል?

መልስ፦ አንድ ስም ለሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለተሰጠ ነው ግራ የገባዎት። ማህፀን ሲወርድ በብልት በኩል የሚገባው መረብ አለ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በኤፕሪል 2019 አምራቾቹ ከገበያ እንዲያነሡት ያዘዘው ይህን ነው። እንግሊዝም ከጁላይ 2018 ጀምሮ አጠቃቀሙን በጥብቅ ገድባለች። ሐኪምዎ የነገረችዎት በሆድ በኩል የሚታሰረው ነው፤ በአሜሪካው ትእዛዝ አልተካተተም። ሦስተኛው ሲያስሉ ለሚያመልጥ ሽንት ከሽንት መውጫ ሥር የሚገባው ቀጭን ማሰሪያ ነው፤ እሱም በአሜሪካው ትእዛዝ የለም። ሮቦት ደግሞ ሌላ ቀዶ ሕክምና አይደለም፤ ያው ሥራ በትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ሐኪሟ በምትቆጣጠረው መሣሪያ ይሠራል።

እምቢ ከማለትዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ፦ ማህፀኔን ሙሉ በሙሉ ታወጪዋለሽ ወይስ የማህፀን በሩን ታስቀሪዋለሽ? (ሙሉ ሲወጣ ብልት ይከፈታል፣ መረቡም በአዲስ ስፌት ላይ ስለሚያርፍ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል።) በዓመት ስንት ትሠሪያለሽ? አሁን የማያመልጠኝ ሽንት ከቀዶው በኋላ ቢያመልጠኝስ? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። የወረደ ፊኛ የሽንት መውጫውን ስለሚያጥፈው ሽንት ይይዛል፤ ሲቃና ማምለጥ ይጀምራል። በብልት በኩል ለሚሠሩ ሴቶች ማሰሪያው አብሮ ሲገባ በሦስት ወር ውስጥ ሽንት ያመለጣቸው 23.6፣ ሳይገባ ሲቀር 49.4 በመቶ ነበሩ። የሚያጨሱ ከሆነ ከቀዶው በፊት ያቁሙ።

የገባልዎትን መረብ ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ወረቀት ይቀበሉና ያስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ደም ጠብ ካለ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከመጣ፣ ወይም ባለቤትዎ የሚወጋ ነገር ከተሰማው መረቡ ብቅ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ከሆነ በኢስትሮጅን ቅባት ወይም ትርፉን ቆርጦ በማውጣት ይስተካከላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ማህፀኗ በብልት በኩል ወጥቶ፣ ጣሪያው ተሰቅሎ ሊሠራላት ነው። ቤት ስትመለስ እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ መጠየቅዎ በጎ ነው። ስፌቱን ብዙ ጊዜ የሚፈታው ቤት ውስጥ የሚሆነው ነው።

ለ6 ሳምንት ባለቤትዎ ከ5 ኪሎ በላይ አታንሣ። 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው፤ ሩቡ እንኳ ገደቧ ላይ ይደርሳል። የሊጥ ቡሃቃ፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ የእንጨት ሸክም፣ ምጣድ ላይ ጎንበስ ብሎ መዋል ሁሉ ይቅር። ይህን ሥራ ማን እንደሚሠራው ከቀዶው በፊት በስም ይወሰን፤ ከዚያ በኋላ “እስኪ ዛሬ ብቻ” እየተባለ ይፈርሳል። ሳል ካላት ከቀዶው በፊት ትታከም። ሆድ ድርቀት እንዳያስምጣት ውኃ፣ አትክልት፣ ካስፈለገም ማለስለሻ ትውሰድ።

ሆስፒታል ውስጥ በብልት የተሞላው ፋሻ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይወጣል። ካቴተሩም (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) እንዲሁ፤ ሲወጣ ሽንት መሽናቷ በዓይን ግምት ሳይሆን በልኬት ይታይ። አንዱ መንገድ ፊኛዋን በ300 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ፈሳሽ ሞልቶ ካቴተሩን ማውጣት ነው፤ 200 ወይም ከዚያ በላይ ከሸናች አልፋለች። ካልቻለች ካቴተሩ ለጥቂት ቀናት ይመለሳል፤ ይህ የተለመደ ነው፣ አይደንግጡ።

ለጥቂት ሳምንታት ቡናማ ፈሳሽና የክር ቁራጭ መውጣቱ ጤናማ ነው። በአንድ ሰዓት ሙሉ ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ የሚሸት መግል፣ ሽንት መከልከል፣ በአንድ ጎን ጀርባ ላይ ከባድ ሕመም ወይም የአንድ እግር ባት ማበጥ ካለ ግን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት። የጀርባው ሕመም በተለይ ጣሪያው በማህፀኑ ጅማቶች ላይ ለተሰቀለላት ሴት የሽንት ቱቦ መታጠፍ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ለግንኙነት ቢያንስ 6 ሳምንት ይታገሡ፣ እሱም ሐኪሟ አይታ “ድኗል” ካለች ነው። ያረጠች ከሆነ ብልቷ ስለሚደርቅ የኢስትሮጅን ቅባት ይታዘዝላት፤ ሲጀምሩም ቀስ ብለው፣ እሷ በምትመርጠው ሁኔታ ይሁን። ካመማት በዚያው ያቁሙና በቀጠሮዋ ቀን ለሐኪሟ ትንገር፤ በቆዳ ላይ ብቅ ያለ ክር ወይም የጠበበ ስፌት ብዙ ጊዜ በምርመራ አልጋ ላይ ይስተካከላል።